«ብርድ መታው» ከማለታችን በፊት፦ ከሳንባ ወደ ልብ የሚመለሰው የደም መንገድ ሲጠብ



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን ብዙም ስለማይነገርለት አንድ የሕፃናት ሕመም እንነጋገራለን። ሕመሙ ብዙ ሕፃናትን የሚያጠቃ አይደለም። ነገር ግን የሌላ በሽታ መልክ ይዞ ስለሚመጣ፣ ወላጆችም ሆኑ ባለሙያዎች ሳይጠረጥሩት ጊዜው ሊያልፍ ይችላል።

መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። እናት የሦስት ወር ሕፃኗን አቅፋ የሳንባ ምች መድኃኒት ማዘዣ ይዛ ትመጣለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለዚያው መድኃኒት ተመልሳ ትመጣለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ «ይህን ልጅ ብርዱ አልለቀው አለ፤ ጡትም አይጠግብ፣ ክብደትም አይጨምር» ትላለች። በአብዛኛው ሕመሙ እውነትም የሳንባ ምች ነው። በአገራችን ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። አንዳንድ ጊዜ ግን የችግሩ ምንጭ ሳንባው ራሱ ሳይሆን፣ ከሳንባ ደም ይዘው ወደ ልብ የሚመለሱት ሥሮች ናቸው። እንዲህ ሲሆን የጀርም መድኃኒት ቢደጋገም መፍትሔ አይሆንም። የዛሬው ጽሑፋችንም ወላጆች ይህን ልዩነት እንዲጠረጥሩና በጊዜው እንዲጠይቁ ለመርዳት የቀረበ ነው።

የሳንባ ደም መልስ ምንድን ነው?

ልባችን አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። የቀኙ ወገን ከመላው ሰውነት የተመለሰውንና ኦክሲጅን ያነሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ደሙ በሳንባ ውስጥ ከምንተነፍሰው አየር ኦክሲጅን ይወስድና ወደ ግራው የላይኛ የልብ ክፍል ይመለሳል። ከዚያም ወደ ግራው የታችኛ ክፍል ወርዶ ወደ መላው አካል ይሰራጫል።

ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ሥር ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደግሞ ደም መልስ ይባላል። ስለዚህ ከሳንባ ወደ ልብ የሚመለሱት ሥሮች የሳንባ ደም መልስ ይባላሉ። አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው፤ ከቀኝ ሳንባ ሁለት፣ ከግራ ሳንባ ሁለት። በሌላው የሰውነት ክፍል ያለው ደም መልስ የሚሸከመው ኦክሲጅን ያነሰውን ደም ሲሆን፣ እነዚህ አራቱ ግን በኦክሲጅን የበለጸገውን ደም ይዘው ይመለሳሉ። አእምሮም፣ ኩላሊትም፣ ጡንቻም የሚኖሩት በዚህ ደም ነው።

ይህን መንገድ ማን ገለጸው?

ከጥንታዊው የግሪክ ሐኪም ከጋሌን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት የነበረው እምነት፣ ደም ከቀኙ የልብ ወገን ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ በሚገኙ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው የሚል ነበር። ይህን አስተሳሰብ የተቃወመው ዐላኡዲን ኢብን አን-ነፊስ የተባለው የደማስቆ ተወላጅ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1242 የኢብን ሲናን «ቃኑን» የአካል ክፍሎች ትምህርት ባብራራበት ጽሑፉ፣ የልብ መካከለኛ ግድግዳ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑንና ቀዳዳ እንደሌለው ገለጸ። ደሙ ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ፣ እዚያ ከአየር ጋር ተገናኝቶ፣ በሳንባ ደም መልስ በኩል ወደ ግራው የልብ ክፍል እንደሚመለስም አስረዳ።

ኢብን አን-ነፊስ በካይሮ ሲያክምና ሲያስተምር የኖረ፣ በሻፊዒይ መዝሀብም የታወቀ የፊቅህ ዐሊም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1288 (687 ዓመተ ሂጅራ) ሲሞት ቤቱንና የመጻሕፍት ስብስቡን ለካይሮው የመንሱሪ ሆስፒታል ትቶ አልፏል። ይህ የሕክምና ግኝቱ ግን በአውሮፓ የሕክምና ዓለም ዘንድ በሚገባ የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ሙህዪዲን አት-ጠጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም ጽሑፉን በርሊን ውስጥ አግኝቶ ካጠናው በኋላ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ሕመም የዚሁ እርሱ የገለጸው የመመለሻ መንገድ ሕመም ነው።

መመለሻው ሲጠብ ምን ይሆናል?

የጁምዓ ሶላት እንዳበቃ ያለውን ሁኔታ ያስቡ። መስጊዱ ሞልቷል፤ መውጫ በሮቹ አራት ናቸው እንበል። ሁለቱ ቢዘጉና የቀሩት ሁለቱ ቢጠቡ ሰዉ ወደ ውስጥ ይታመቃል፣ መተላለፊያው ይጨናነቃል፣ ከኋላ ያለውም ይገፋል። የሳንባ ደም መልስ ሲጠብም እንደዚሁ ነው። ልብ ደም ወደ ሳንባ መላኩን አያቆምም፤ መውጫው ግን ጠቧል። ደሙ በሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ግፊቱ ሲበረታም ፈሳሹ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል። ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ያስለዋል፣ ጡት ለመጥባት አቅም ያጣል። ውሎ ሲያድር ወደ ሳንባ የሚገፋው የቀኙ የልብ ወገን ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ይደክማል።

እነዚህ ሥሮች የሚታመሙባቸው መንገዶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው።

1. ሁሉም መንገዳቸውን ሲስቱ፦ ሕፃኑ በማኅፀን ውስጥ በሚፈጠርባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ከሳንባ የሚመጡት ሥሮች ከግራው የላይኛ የልብ ክፍል ጋር መገናኘት አለባቸው። ሳይገናኙ ሲቀሩ ደሙ ሌላ መንገድ ይዞ ወደ ቀኙ የልብ ወገን ይሄዳል። መንገዱ ከልብ በላይ ባለ ሥር በኩል ሊሆን ይችላል፤ በቀጥታ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ወይም ወደ ታች ወርዶ በጉበት በኩል ሊዞር ይችላል። ሦስቱ ተቀላቅለው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ሕፃን በሕይወት የሚቆየው፣ በሁለቱ የላይኛ የልብ ክፍሎች መካከል ባለች ቀዳዳ በኩል የተወሰነ ደም ወደ ግራ ስለሚያልፍለት ነው። በጉበት በኩል የሚዞረው ዓይነት ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ የታፈነ በመሆኑ፣ ሕፃኑ በተወለደ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በጽኑ ይታመማል።

2. አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ሲስቱ፦ የቀሩት ሥሮች በትክክለኛ ቦታቸው ስላሉ ልጁ ለዓመታት ምልክት ላያሳይ ይችላል። አንዳንዱ ችግሩ የሚታወቀው ካደገ በኋላ ነው። ከቀኝ ሳንባ የሚወርደው ሥር በራጅ ላይ እንደ ቱርክ ጎራዴ ተቆልምሞ የሚታይበት ዓይነት አለ፤ ሐኪሞችም በዚያው ጎራዴ ስም ይጠሩታል።

3. ሥሮቹ በቦታቸው ሆነው ሲጠቡ፦ ይህ ከሁሉም ያነሰ ቁጥር ያላቸውን ልጆች የሚይዝ፣ ግን አስቸጋሪው ነው። በሥሩ ግድግዳ ላይ ያለው ኅብረ ሕዋስ ከልክ በላይ እየወፈረ መተላለፊያውን ያጠበዋል። አንዳንዱ አብሮ የሚወለድ ነው። ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ለረጅም ጊዜ በኦክሲጅን በቆዩና ሳንባቸው በተጎዳ ሕፃናት ላይ ከወራት በኋላ ሊመጣም ይችላል። የመጀመሪያው ዓይነት ችግር በቀዶ ሕክምና ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣበት ጊዜም አለ።

በጥቅሉ ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳል። ከእነዚህ ውስጥ ሁሉም የሳንባ ደም መልሶቻቸው መንገድ የሳቱባቸው ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት ይሆናሉ።

ሲወለድ ደህና የነበረ ልጅ ለምን ይታመማል?

ብዙ እናቶች «ሲወለድ አለቀሰ፣ ጤነኛ ነው ተባልኩ፤ ታዲያ ይህ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ በማኅፀን ውስጥ ባለው የደም ዝውውር ላይ ነው። ፅንሱ ኦክሲጅን የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ ደም ስለሆነ፣ ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ጥቂት ነው። ጥቂት ደም በጠባብ መንገድም ይመለሳል። ሕፃኑ ተወልዶ መተነፍስ ሲጀምር ግን ደሙ በሙሉ በሳንባ ማለፍ ይኖርበታል። ችግሩ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው፤ መንገዱ በጣም ከታፈነ ወዲያውኑ፣ ካልታፈነ ደግሞ በሳምንታትና በወራት ውስጥ።

ከሳንባ ምች ጋር የሚያመሳስለው ምንድን ነው?

ሁለቱም ትንፋሽን ያፈጥናሉ፣ ሁለቱም ያስላሉ፣ በሁለቱም ራጅ ላይ ሳንባው ደመና የለበሰ መስሎ ይታያል። መንገዱ በጣም በታፈነበት ሕፃን ደግሞ ልቡ በራጅ ላይ ትልቅ ሆኖ ስለማይታይ ሐኪሙ ልብን ላይጠረጥር ይችላል። በማዳመጫ ሲደመጥም የተለየ የልብ ድምፅ ላይሰማ ይችላል። በዚህ ላይ ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ሕፃን እውነተኛው የሳንባ ምች ቶሎ ስለሚይዘው፣ በጀርም መድኃኒት ትንሽ ተሽሎት ተመልሶ ይታመማል። ቤተሰቡም «መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ብርዱ ነው የተመለሰበት» ብሎ ይጽናናል።

ወላጆች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ምልክቶች

• ጡት ሲጠባ የሚደክመው፣ እየጠባ የሚያቋርጥ፣ ግንባሩን የሚያልበው፣ ሳይጠግብ የሚያንቀላፋ፤
• በየወሩ ሲመዘን ክብደት የማይጨምር፤
• ትኩሳት ሳይኖረው ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ የሚያቃስት፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፤
• በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ «የሳንባ ምች» የተባለ፤
• ከንፈሩና ምላሱ የሚጠቁር ወይም የሚሰማያዊ፤
• ከፍ ባለ ልጅ ላይ ደግሞ ሲጫወት ቶሎ የሚደክመው፣ ከእኩዮቹ የሚቀር፣ ሲያስለው ደም የሚቀላቅል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር እንጨምር። በእኛ ቆዳ ላይ የኦክሲጅን እጥረት ከውጭ ሲታይ ላይለይ ይችላል። ስለዚህ በደህና ብርሃን የሕፃኑን ምላስ፣ ድድና የከንፈሩን ውስጥ ይመልከቱ። እጅና እግር ብቻ ቢጠቁር ብርድ ሊሆን ይችላል፤ ምላስ ከጠቆረ ግን ብርድ አይደለም።

ትንፋሽም በቤት ሊቆጠር ይችላል። ሕፃኑ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ ሳለ የሆዱን መነሳትና መውረድ እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ፈጣን ትንፋሽ ያለው ሕፃን በዚያው ቀን መታየት አለበት። ምላሱ የጠቆረ፣ ደረቱ የሚሰረጉድ ወይም ጡት መያዝ ያቃተው ከሆነ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን የሚቆይ ነገር አይደለም።

ለሐኪሙ ምን እንበል?

ሐኪሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የልጁን ታሪክ ሁሉ ማወቅ አይችልም፤ ታሪኩን የምትይዙት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የክትባትና የክብደት ካርዱን፣ የቀድሞ ራጆችን፣ የተሰጡትን መድኃኒቶች ስምና ቀን ይዛችሁ ሂዱ። «ይህ ሦስተኛ የሳንባ ምቹ ነው፤ ጡት ሲጠባም ያልበዋል» ብሎ በግልጽ መናገር ትልቅ እገዛ ነው።

መጀመሪያ የሚደረገው ቀላል ምርመራ ጣት ወይም እግር ላይ በሚደረግ ትንሽ መሣሪያ የኦክሲጅንን መጠን መለካት ነው። አሜሪካ ይህ ልኬት እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁሉም አራስ ሕፃናት እንዲደረግ ከሚመከሩት ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እንዲታወቁ ከታሰቡት የልብ ችግሮች አንዱም የሳንባ ደም መልስ መንገድ መሳት ነው። አዲስ አበባን በመሰሉ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ከተሞች የጤነኛ ሕፃን ቁጥርም በቆላ ከሚገኘው ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ውጤቱን መተርጎም ያለበት ባለሙያ ነው።

ዋናው ምርመራ ኤኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። መርፌም ጨረርም የለውም። የሳንባ ደም መልሶች ግን ከልብ በስተጀርባ ስለሚገኙ ሆን ተብለው ካልተፈለጉ ሊታለፉ ይችላሉ። ስለዚህ በአክብሮት «ዶክተር፣ አራቱም የሳንባ ደም መልሶች ወደ ግራው ክፍል ሲገቡ ታይተዋል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ያልታየ ካለ ልጁ የሕፃናት ልብ ስፔሻሊስት ወዳለበት ሪፈር እንዲባል ይጠይቁ። እንደ አስፈላጊነቱ ሲቲ ስካን ወይም በእግር ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ የሚደረግ ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

ሕክምናው

መንገዳቸውን ለሳቱት ሥሮች መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሞቹ የልብና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ ማሽን እየረዱ ሥሮቹን ከግራው የላይኛ የልብ ክፍል ጋር ያገናኛሉ፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለችውንም ቀዳዳ ይዘጋሉ። ሁሉም ሥሮች መንገድ የሳቱባቸው ሕፃናት ካልታከሙ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ልደታቸውን ሳያዩ ይሞታሉ። ጥሩ ልምድ ባላቸው ማዕከሎች በጊዜው የሚታከሙት ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ወይም ከዚያ በላይ ይተርፋሉ። በጊዜ መድረስ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ጠበው ለሚገኙት ሥሮች ሕክምናው ከዚህ ይከብዳል። በፊኛ ማስፋት፣ ትንሽ የብረት መደገፊያ ማስገባት ወይም በቀዶ ማስፋት ይቻላል፤ ሥሩ ግን ተመልሶ የመጥበብ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፈረንሳይና የካናዳ ቀዶ ሐኪሞች ሥሩን ራሱን ሳይሰፉ፣ የልብን ከረጢት በዙሪያው በመስፋት የሚሠሩበትን ዘዴ አስተዋውቀዋል። መርፌና ክር የነካው ሥር ጠባሳ አብቅሎ የመጥበብ ዕድሉ ስለሚጨምር ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሲሮሊመስ የተባለውን፣ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ሕሙማን የሚሰጥ መድኃኒት፣ የሥሩን ግድግዳ መወፈር ለማዘግየት የሚጠቀሙ ማዕከሎች አሉ።

በአገራችን ዶክተር በላይ አበጋዝ የጀመሩት ጥረት ፍሬ የሆነው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ሥራ ጀምሯል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ለዓመታት ተራ ሲጠብቁበት ቆይተዋል። አዲስ ለተወለዱ ሕፃናት የሚደረገው ከባድ ቀዶ ሕክምናም በየቦታው የሚገኝ አይደለም። ልጁ ቶሎ ሊታወቅ የሚገባው በዚህም ምክንያት ነው፤ ስሙ በጊዜ ካልተመዘገበ ተራው በጊዜ አይደርስም። ከገጠር ለቀጠሮ ለሚመጣ ቤተሰብ ማረፊያ መስጠት፣ መጓጓዣ መክፈል፣ ወረቀቱን ይዞ አብሮ መሮጥ የመስጊዱ ጀመዓ በቀላሉ ሊያደርገው የሚችል ትልቅ ሶደቃ ነው።

ስለ መድኃኒት ጥንቃቄ

ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ድረስ ሐኪሙ እንደ ላዚክስ ያለ ፈሳሽ የሚቀንስ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የሕፃን መጠን የሚሰላው በኪሎው ነው። የሌላ ልጅ ወይም የአያት ላዚክስ ቤት ስላለ ቆርሶ መስጠት አደገኛ ነው። ልጁ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው መድኃኒቱን ከመቀጠል በፊት ሐኪሙን ያማክሩ፤ ሰውነቱ ሊደርቅ ይችላልና። በሻይ ማንኪያ ሳይሆን ፋርማሲው በሚሰጠው መለኪያ ሲሪንጅ ይስጡ።

ለሳንባ ደም ግፊት የሚሰጠው ሲልደናፊል የሳንባ ደም ቅዳዎችን ያሰፋል። ለአንዳንድ ልጆች ጥሩ መድኃኒት ነው። የመመለሻው ሥር ለጠበበት ልጅ ግን መግቢያውን አስፍቶ መውጫውን ስለማያሰፋ ሳንባውን በፈሳሽ ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ስለዚህ «የእገሌ ልጅ በዚህ ተሻለው» ተብሎ ከውጭ አገር በዘመድ የሚላክ መድኃኒት አይሰጥም። ሲሮሊመስም በየጊዜው የደም ምርመራ የሚፈልግና የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንስ ነው፤ የሚወስድ ልጅ ካለ የኩፍኝን ክትባት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙ ሊጠየቅ ይገባል። የሳልና የጉንፋን ሽሮፖችም ለሕፃናት አይመከሩም፤ የልብ ምትን የሚያፈጥኑ አሉባቸውና።

በሌላ በኩል መደበኛ ክትባቶችን ማቋረጥ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት ለእነዚህ ሕፃናት ከሌላው የበለጠ ያስፈልጋቸዋል።

ምን እንመግበው?

ጤነኛ ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 100 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። ልቡ የደከመ ሕፃን ግን ለመተነፍስ ብቻ ብዙ ጉልበት ስለሚያወጣ ከ120 እስከ 150 ሊያስፈልገው ይችላል። ችግሩ የበለጠ የሚያስፈልገው ልጅ የመጥባት አቅሙ ያነሰ መሆኑ ነው። ስለዚህ፦

• በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ትንሽ ትንሽ ያጥቡት፤ ጭንቅላቱ ከፍ ይበል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አያድክሙት።
• ከደከመው ጡት አልበው በንጹሕ ኩባያ ወይም ማንኪያ ይስጡት። አንዳንዱ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ መመገብ ይኖርበታል፤ ይህ የተስፋ መቁረጥ ምልክት አይደለም።
• ወተቱን በውሃ አያቅጥኑ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አያወፍሩ።
• ስድስት ወር ሲሞላው ቀጭን አጥሚት ሆዱን ይሞላል እንጂ ብዙ ጉልበት አይሰጥም። ወፈር ያለ ገንፎ በዘይት ወይም በቅቤ፣ እንቁላል፣ የተፈጨ ምስር፣ አቮካዶ ይሻላል። ጨው አይጨመር።
• አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይሰጠው፤ ለተህኒክም ቢሆን። ተህኒክ በላመ ተምር የሚደረግ ሱና ነውና ማር አያስፈልግም። ሕፃኑ ሲወለድ ጀምሮ የጠቆረ ወይም የሚተነፍሰው በችግር ከሆነ ግን ወደ አፉ ምንም ሳይገባ ሐኪም ይየው።

የምታጠባ እናት በረመዷን ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ዲናችን ማፍጠርን ይፈቅድላታል። ስለ ቀዷው ዑለሞችን ትጠይቅ፤ የታመመ ልጇን ወተት ግን አትቀንስ።

ልናስወግዳቸው የሚገቡ

ጡት መጥባት ያቃተውን ሕፃን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ ደረቱን መተኮስ፣ ቅቤ ማዋጥ አሁንም አሉ። ኦክሲጅን ላነሰው ሕፃን ደም መፍሰስና በበሽታ መመረዝ ሞት ሊያስከትሉ ይችላሉ። «ዓይን ነው» ተብሎ ሩቅያ የሚደረግለት ሕፃንም ሐኪም ቤት መሄዱ አይቀርበት። ዱዓውና ሕክምናው አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል አያወጣም።

እናትንም አንውቀስ። «እርጉዝ ሳለሽ ከባድ ነገር ስላነሳሽ ነው»፣ «ደንግጠሽ ነው» ማለት እውነትነት የለውም። ሥሮቹ የሚፈጠሩት ብዙ እናቶች መፀነሳቸውን እንኳ በውል ሳያውቁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

በመጨረሻ አንድ በጣም አስፈላጊ ነገር እናሳስብ። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ ቀልቶና ወፍሮ ሲመለስ ቤተሰቡ አልሐምዱሊላህ ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል። ነገር ግን መንገድ ስተው ከነበሩትና ከተስተካከሉት ልጆች ከመቶ ከ10 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ሥሮቹ ተመልሰው ይጠባሉ፤ ይህም በአብዛኛው የሚደርሰው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። አመጣጡ ደግሞ ያው የድሮው ነው፤ ትንሽ ሳል፣ ትንሽ ድካም፣ ክብደት አለመጨመር፣ «ብርድ መታው»። ስለዚህ ልጁ ደህና ቢመስልም የኤኮ ቀጠሮው እንዳይታለፍ። ከቀዶ በኋላ የሚመጣ «የሳንባ ምች» ሲኖርም ቀዶ ሕክምናውን የሚያሳየውን ወረቀት ይዞ መሄድና «ሥሮቹ ይታዩልን» ማለት ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢያን፣ ያሳለው ሕፃን ሁሉ የልብ ሕመም አለበት ብለን ልናስፈራራችሁ አይደለም። አብዛኛው ሳል፣ ሳል ነው። የማይለቅ ሳል፣ የማይጨምር ክብደትና ጡት ላይ የሚያልበው ግንባር በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ግን አራተኛውን ሽሮፕ ከመግዛት በፊት ልቡ ይታይ። አላህ የታመሙትን ልጆቻችንን ያሽርልን፣ ጤነኞቹን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።